ወጥ የሆነ ወጥ

«ሄዳችሁ ብሉና ከዚያ በኋላ እንነጋገር» ተባልን። ሄደን በላን። እንግዲህ እንነጋገር።

የአክስቴ ልጅ ኮሎምበስ፣ ኦሃዮ ውስጥ፣ ሪከንባከር ከሚባለው የጭነት አውሮፕላን ማረፊያ ዙሪያ ከተኮለኮሉት መጋዘኖች በአንዱ ሌሊት ሌሊት ትሠራለች። ሰባት ዓመት ሆናት። በእነዚህ ዓመታት ከእንቅልፏና ከወገቧ ቀንሳ ያስቀመጠቻት ገንዘብ አለች፤ ቤት ለመግዛት የምታንስ፣ እንደ ዋዛ ለማውጣት ግን የምትበዛ። ባለፈው መስከረም ጥቂት የከተማችን ሰዎች «የኢትዮጵያን ምግብ ሰንሰለት ሬስቶራንት እናድርገው» የሚል ዕቅድ ይዘው መጡ። የአንድ ሰው ድርሻ 25 ሺህ ዶላር ነው። መጀመሪያ አንድ ቤት እዚሁ ይከፈታል፣ በአምስት ዓመት ውስጥ አሥር ይሆናል፣ ከዚያ ወዲያ ቁጥሩን ሰማይ ያውቀዋል።

በስብሰባው ላይ ግድግዳው ላይ ካሳዩን ገጾች በአንዱ መሐል አንዲት ቃል ብቻዋን በትልቁ ተጽፋ ነበር፦ ወጥነት። ሰብሳቢው አብራሩልን። ዛሬ ኮሎምበስ የሚበላው ዶሮ ወጥ ነገ ዳላስ ከሚበላው በአንዲት የጨው ቅንጣት እንኳ አይለይም። «ወጥ የሆነ ወጥ!» አሉና በራሳቸው ቀልድ ሳቁ። ሁላችንም ሳቅን። እውነትም ቋንቋችን ያዘጋጀላቸው ቀልድ ነው፤ ድስት ውስጥ የሚቁላላው ወጥና ላሊበላን የፈለፈሉበት አንድ ወጥ ድንጋይ በጽሕፈት አይለያዩም። እኔ ግን ቤቴ ከገባሁ በኋላ ሳቄ ቆመ።

ለምስክርነት የጠሩት ማሌዢያውያንን ነው። ከመጋዘኖቹ ብዙም በማይርቅ መንገድ ላይ፣ ከጥርስ ሐኪምና ከሞባይል መሸጫ መሐል፣ አንድ የማሌዢያ ሰንሰለት ሬስቶራንት በቅርቡ ተከፍቷል። «እነሱ ከእኛ በምን ይበልጣሉ? ምግባቸው ከእኛ ይልቅ የማይታወቅ ነበር። ዛሬ በየከተማው በአንድ ዓይነት ሳህን ያበላሉ። ሄዳችሁ ብሉና ከዚያ በኋላ እንነጋገር» አሉ ሰብሳቢው።

ኮሎምበስን ለማያውቅ አንባቢ ሁለት ነገር ልበል። ሪከንባከር ስሙን ያገኘው በአንደኛው የዓለም ጦርነት ስመ ጥር ከነበረው የከተማው ተወላጅ፣ ከአብራሪው ኤዲ ሪከንባከር ነው። ቦታው ከ1942 ጀምሮ የጦር ኃይል ሠፈር ነበር፤ (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ዛሬ በዋናነት የሚኖረው በጭነት ነው። ከእስያ የመጣ ሣጥን ከአውሮፕላን ሆድ ይወርዳል፣ መጋዘን ይገባል፣ በእነ የአክስቴ ልጅ እጅ ይለያል፣ በከባድ መኪና ይወጣል። ሶማሌው፣ አበሻው፣ ከቡታን የተሰደደው ኔፓሊ፣ ኮንጎው፣ ሁሉም እዚያ አንድ ዓይነት ብርቱካናማ ሰደርያ ለብሶ ታገኘዋለህ። ሁለተኛው ነገር ደግሞ ኮሎምበስ የሰንሰለት ምግብ አገር መሆኗ ነው። ዌንዲስ የመጀመሪያ ቤቱን የከፈተው እዚህ በ1969 ነው። ዋይት ካስል ዋና መሥሪያ ቤቱን ወደዚህ ያዛወረው በ1934 ነው። የከተማዋ ሕዝብ የአሜሪካን አማካይ ይመስላል ስለሚባል ኩባንያዎች አዲስ ሳንድዊች ሲያወጡ አስቀድመው እዚህ ይሞክሩታል። የምንኖረው እንግዲህ ቅምሻ ውስጥ ነው። ምላሳችን አማካይ ነው ተብሎ ተመዝግቧል።

ማክሰኞ እኩለ ቀን ላይ ሄድን። የአክስቴ ልጅ ከሌሊት ሥራ ወጥታ ገና አልተኛችም ነበርና ለእኔ ምሳ የሆነው ለእሷ እራት ነው። ትእዛዝ የሚቀበል ሰው የለም፤ በር ላይ የቆመ ስክሪን አለ። ስክሪኑ ምግቡን ሳንቀምስ ጉርሻ ጠየቀን። (ጉርሻ የምትለዋን ቃል ከእናት እጅ አንስተን የካርድ ማሽን ላይ ያስቀመጥናት ቀን አንድ ነገር እንደሸጥን ይሰማኛል፤ ይህን ለሌላ ጊዜ።) ናሲ ሌማክ፣ ሬንዳንግ፣ ሮቲ ቻናይና ሁለት ቴ ታሪክ አዘዝን። «ታሪክ» በማላይኛ «የተሳበ» ማለት ነው፤ ሻዩን ከወተት ጋር ከአንዱ ኩባያ ወደ ሌላው ከፍ አድርገው እየቀዱ አረፋ ስለሚያወጡበት ነው ስሙ። የአክስቴ ልጅ ስሙን አንብባ «ቢያንስ ታሪክ ያለው ሻይ እንጠጣለን» አለች። ከማሽን ቧንቧ ነው የተቀዳው። ማንም አልሳበውም።

እነዚህን ምግቦች የማውቃቸው ማሌዢያዊት የክፍል ጓደኛዬ ጠባብ ወጥ ቤቷ ውስጥ ሠርታ ስላበላችን ነው። የተዘፈዘፈውን ቃሪያ ፈጭታ፣ የሽሪምፕ ድልህ ጠብሳ ሳምባል ስትሠራ የጭስ ማስጠንቀቂያው ጮኸ። ወንበር ላይ ወጥታ በፌስታል ሸፈነችው። ያን ጊዜ ነው የወደድኳት። አሜሪካ ውስጥ በርበሬ ያቁላላ አበሻ ሁሉ ያን ወንበርና ያን ፌስታል ያውቀዋል። የእሷ ናሲ ሌማክ ሩዙ በኮኮናት ወተትና በፓንዳን ቅጠል ስለሚበስል ክዳኑ ሲነሣ ቤቱ ሁሉ ይሸታል፤ ጎኑ ላይ የተጠበሰ ደቃቅ ዓሣ፣ ኦቾሎኒ፣ ኪያር፣ እንቁላል፣ መሐሉ ላይ ሳምባሉ።

እዚህ ሩዙ ነጭ ነው፤ ከነጭነቱ ሌላ ምንም አይነገርለትም። ኦቾሎኒው አውሮፕላን ላይ እንደሚሰጠው በከረጢት መጣ። ዓሣዋ ቀርታለች። ሳምባሉ አፉ በታሸገ ትንሽ የላስቲክ ኩባያ ውስጥ ነው፣ ይጣፍጣል ስል ስኳር ስኳር ይላል ማለቴ ነው። ሬንዳንግ የኮኮናቱ ወተት እየመጠጠ እስኪያልቅ፣ ሥጋው በራሱ ቅባት እስኪጠበስ ድረስ ሰዓታት የሚፈጅ ምግብ ነው፤ የእኛ ግን ቡናማ መረቅ ላይ ይዋኝ ነበር። ሮቲው ጠርዙ ያቃጥላል፣ መሐሉ በረዶ ነው። የአክስቴ ልጅ ከሮቲው አንድ ቁራሽ ቆርጣ አየችውና «ይህን ሣጥን አውቀዋለሁ» አለች። መጋዘን ውስጥ ሲያልፍ አይታዋለች ማለቷ ነው። ለሁለት ሰው 41 ዶላር ከፈልን።

እስከዚህ ድረስ ያለው የአንድ መጥፎ ምሳ ወሬ ነው፣ መጥፎ ምሳ ደግሞ ክርክር አይሆንም። አንባቢ «ትክክለኛውን የማሌዢያ ምግብ ስላላገኘህ ተናደድክ» ሊለኝ ይችላል። አይደለም። ስለ «ትክክለኛ ምግብ» የሚሰብኩ ሰዎች ያሰለቹኛል። ማሌዢያ ውስጥ ራሱ «ትክክለኛ» የሚባለው ድብልቅ ነው። ሮቲ ቻናይ ከደቡብ ሕንድ የመጡ ስደተኞች ያመጡት ነው፤ ሻዩን የሚስቡትም በአብዛኛው የታሚል ሙስሊም ሻይ ቤቶች ናቸው። ዩኔስኮ በዲሴምበር 2024 የማሌዢያን የቁርስ ባህል በማይዳሰስ ቅርስነት ሲመዘግብ ናሲ ሌማክን፣ ሮቲ ቻናይንና ቴ ታሪክን በስም ጠርቷል፤ ያከበረው ግን ማላዩ፣ ቻይናዊውና ሕንዳዊው አንድ ገበታ ላይ መቀመጣቸውን ነው። የምግብ አሠራር መመሪያ አልመዘገበም።

እኛም ብንሆን ከ«ትክክለኛ» ርቀን ነው የኖርነው። አክስቴ በሰማንያዎቹ አሜሪካ ስትገባ ጤፍ የሚባል ነገር አልነበረም። እርሾ የተቀላቀለበትን የኬክ ዱቄት በሶዳ ውኃ በጥብጣ፣ በማይጣበቅ መጥበሻ ትጋግር ነበር። እንጀራ ነው? የእኔ አያት ቢያዩት ለዶሮ ይበትኑት ነበር። ነገር ግን አክስቴ ያንን «እንጀራ» ለእንግዳ ስታቀርብ አጠገቡ ቆማ «ዛሬ እንኳ ዓይን አላወጣልኝም፣ አፈርኩባችሁ» ትል ነበር። እኔ ሬስቶራንቱ ውስጥ ያጣሁት ይህንን ነው። ለምግቡ የሚያፍር ሰው አልነበረም።

የአበሻ ባለሙያ ሦስት ዓይነት ወጥ ደርድራ «ምንም አልሠራሁም እኮ» የምትለው ለምን እንደሆነ አስባችሁ ታውቃላችሁ? ፈረንጅ ጓደኞቼ ትሕትና ይመስላቸዋል። እኔ የኃላፊነት ፊርማ ይመስለኛል። «ይህ የእኔ እጅ ነው፤ ከጎደለ እኔ ነኝ የጎደልኩት» ማለቷ ነው። እንግዳውም መልሱን ያውቀዋል፦ «እጅሽን ይባርከው።» ወጡን ይባርከው አይልም። በአማርኛ የምግብ ሙገሳ ሁሉ እጅ ላይ ነው የሚያርፈው፤ እጇ ይጣፍጣል፣ እጅ ያስቆረጥማል። ሰብሳቢያችን በወጥነት ስም ከምግቡ ውስጥ ሊያወጡት የተነሡት ይህንኑ እጅ ነው።

ማሌዢያውያንን ለማስረጃ ከጠራን ደግሞ ሙሉውን ታሪካቸውን እንጥራ። በ2018 በእንግሊዝ ቴሌቪዥን የማብሰል ውድድር ላይ አንዲት በትውልድ ማሌዢያዊት የሆነች ተወዳዳሪ ናሲ ሌማክ ከዶሮ ሬንዳንግ ጋር ሠርታ ቀረበች። ዳኛው የዶሮው ቆዳ አልተንኮሻኮሸም ብሎ ነቀፈ፣ እሷም ከውድድሩ ወጣች። ሬንዳንግ ቀስ ብሎ በመረቅ የሚበስል እንጂ የሚንኮሻኮሽ ምግብ አይደለም። ማሌዢያ ምርጫ ላይ ነበረች፤ ጠቅላይ ሚኒስትሩ ናጂብ ራዛክና ዋና ተቀናቃኛቸው ማሃቲር ሞሐመድ በምንም ሳይስማሙ በዚህ ተስማሙ። ሬንዳንግ የማን ነው እያሉ ሲከራከሩ የኖሩት ኢንዶኔዥያውያን እንኳ አብረው ተቆጡ። ዶሮ ወጥ ላይ እንዲህ ያለ ፍርድ ቢሰጥ እኛስ ምን እንሆን ነበር? መቆጣት የሚችለው የሚያፍር ሰው ነው። የእኛ ማክሰኞ ሬንዳንግ መረቅ ላይ ሲዋኝ ግን የተቆጣ አልነበረም፣ የሚቆጣበትም ሰው የለም። ባንኮኒው ላይ የነበረው ወጣት ሳምባሉ ጣፋጭ መሆኑን ስነግረው በትሕትና ደረሰኙ ላይ ያለውን ኪው አር ኮድ አሳየኝ። አስተያየቴን ለዋናው ቢሮ መላክ እችላለሁ። ሁለተኛ ሳምባል ከፈለግሁ አንድ ዶላር ከሃያ አምስት ነው። ልጁ አላጠፋም። የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ልጅ ነው፤ ሳምባል የሠራ መስሎትም አያውቅም።

ከዚያ ከወጥ ቤቱ በኩል አንዲት ሴት እጇን እየጠረገች ወጣች። አማርኛችንን ሰምታ ነው። ፀጉሯ በመረብ ተሸፍኗል፣ የሰንሰለቱ ሸሚዝ ለብሳለች። «ጤና ይስጥልኝ» አለችን። ጠረጴዛችን ላይ የተረፈውን አየችና ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «ይቅርታ አድርጉልኝ፤ የእኔ እጅ አይደለም» አለች።

የእኔ እጅ አይደለም። የአክስቴ ልጅ ወንበር ሳበችላት፤ ልትቀመጥ አልቻለችም፣ አይፈቀድም። ቆማ ነገረችን። አዲስ አበባ ሳለች ድግስ ከሚያወጡት ባለሙያዎች ጋር ትሠራ ነበር፤ ለአምስት መቶ ሰው ቁሌት ያቁላላች ሴት ናት። እዚህ ሥራዋ ቁጥር የተጻፈበትን የበረዶ ከረጢት ፈልቶ ከሚጠብቃት ውኃ ውስጥ መክተት፣ ሰዓቱ ሲጮህ ማውጣት፣ በመቀስ መቅደድ፣ በተለካ ጭልፋ መጨለፍ ነው። «ትቀምሺዋለሽ?» አልኳት። «ለምን እቀምሰዋለሁ?» አለችኝ። «ጨው ቢያንስ እንኳ ልጨምር አልችልም።» ከዚህ በላይ የተሰማኝ የነቀፋ ቃል የለም፤ እሷ ግን ነቀፋ አላሰበችም፣ የሥራዋን ዝርዝር ነበር የነገረችኝ። በሕይወቴ ካየኋቸው ወጥ ቤቶች ሁሉ ወጥ ሠሪ ወጡን እንዳትቀምስ የተደረገበት ይህ የመጀመሪያዬ ነው።

ለሰብሳቢያችንና ለባልደረቦቻቸው ክርክር ተገቢውን ክብር ልስጥ። ዋነኛ መከራከሪያቸው ፍርሃት ነው፦ እኛ ካልያዝነው ሌላው ይይዘዋል፣ ጤፍ ላይ የሆነውን አላያችሁምን? አይተናል። አንድ የሆላንድ ኩባንያ በ2007 ከአውሮፓ የፓተንት ቢሮ የጤፍ ዱቄት አዘገጃጀት ላይ መብት አገኘ። ጉዳዩ ለዓመታት አንገበገበን፤ ተገቢም ነበር። ግን እንዴት እንዳበቃ እናስታውስ። በ2018 የሄግ ፍርድ ቤት መብቱን ውድቅ ያደረገው ሁለት የሆላንድ ኩባንያዎች እርስ በርስ ሲካሰሱ ነው፤ ምክንያቱም ነገሩ ውስጥ አዲስ ፈጠራ የለም የሚል ነበር። እኛ ችሎቱ ላይ አልነበርንም። ፓተንቱ ደግሞ የዱቄት ነበር። ዐብሲቱን፣ እርሾውን፣ ምጣዱ ላይ ክብ እየዞረ የሚወርደውን እጅ ማንም ሊያስመዘግበው አልሞከረም፤ ከሰው ተነጥሎ አይሸጥማ። እነ ሰብሳቢ ግን ያ ኩባንያ ያልደፈረውን ሊያደርጉት ነው። ዕቅዳቸው አሥራ አራት ገጽ ነው። ሁለት ጊዜ አንብቤዋለሁ። «ማእከላዊ ማምረቻ» አለ፣ «የቀዘቀዘ አቅርቦት» አለ፣ «የሰው ኃይል ጥገኝነትን መቀነስ» የሚል አለ። ወጥ ሠሪ የምትል ቃል ግን የለችም።

«አገር የሚታወቀው በሰንሰለት ነው» የሚለውም እውነት አይደለም። የማሌዢያ ጎረቤት ታይላንድ በዚህ ክፍለ ዘመን መባቻ ላይ በመንግሥት ደረጃ ይህንኑ ሕልም አልማ ነበር፤ በዓለም ዙሪያ ቢያንስ 3 ሺህ ቤት ያሉት፣ ደረጃ የወጣለት የታይ ሬስቶራንት ሰንሰለት። ሰንሰለቱ እንደታሰበው አልተዘረጋም። በምትኩ መንግሥቱ የያዘው መንገድ ውጭ አገር ቤት መክፈት ለሚፈልጉ ዜጎች ብድር መስጠት፣ ወጥ ሠሪ ማሠልጠን፣ ጥሩ ለሚሠሩት የምስክር ወረቀት መስጠት ነበር። ዛሬ አሜሪካ ውስጥ የታይ ምግብ የሚበላ ሰው ብዙውን ጊዜ የሚበላው ከአንድ ቤተሰብ እጅ ነው።

የእኛም ታሪክ እንደዚያው ነው። የአሜሪካን የኢትዮጵያ ሬስቶራንቶች ታሪክ የጻፈው ሐሪ ክሎማን የመጀመሪያው በ1966 ካሊፎርኒያ፣ ሎንግ ቢች ውስጥ እንደተከፈተ ይነግረናል። ያ ብዙ አልቆየም። ከዚያ በ1978 ዋሽንግተን ዲሲ ላይ ማማ ደስታ ተከፈተ፤ ስሙ የወጥ ሠሪዋ የወይዘሮ ደስታ ስም ነበር። ዋሽንግተኖች እንጀራን የተዋወቁት በሴትየዋ ስም ነው። ኋላ ቺካጎም የተከተላት ስሟ ነው። ሰንሰለት ነው የሚባል ከሆነ የእጅ ሰንሰለት ነበር፤ አንዷ ወጥ ቤት ውስጥ ያየችው ልጅ ነገ የራሷን ትከፍታለች። በየከተማው አንድ ዓይነት አይሆንም። አንዷ ቤት ኮሰረት ይበዛል፣ ሌላዋ ቤት ቅቤው። ይህን ልዩነት ነው «ችግር» ብለው ግድግዳ ላይ ያሳዩን።

ሥነ ጽሑፍ እያጠናሁ ስለ ወጥ ለምን እንደምጽፍ ለሚጠይቁኝም አንድ ነገር። በትምህርት ክፍላችን «የዓለም ሥነ ጽሑፍ» የሚባል ሙግት አለ። ዴቪድ ዳምሮሽ በ2003 ባሳተመው መጽሐፍ የዓለም ሥነ ጽሑፍ በትርጉም የሚያተርፍ ጽሑፍ ነው ይላል። ኤሚሊ አፕተር በ2013 ተነሥታ ለማይተረጎመው ጠበቃ ሆነች። በሁለቱ መሐል ስወዛወዝ ኖሬያለሁ። ያች ማክሰኞ ግን አንድ ነገር ገባኝ፤ ሁለቱም ተርጓሚ እንዳለ ያስባሉ። ተርጓሚ ይስታል፣ ሲስት ስሙ ሽፋኑ ላይ ስላለ ያፍራል። እንጀራን «ስፖንጅ የመሰለ ኮምጣጣ ቂጣ» ብሎ የተረጎመውን ሰው ስንት ዓመት ስናማው ኖረናል! ቢያንስ የሚታማ ሰው ነበር። በቅርቡ አንድ የውጭ አገር አሳታሚ ጓደኛዬን ልብ ወለዱ ውስጥ «ለቅሶ ቤት» የሚለውን ትዕይንት «ለሁሉም አንባቢ እንዲመች» እንዲያለዝበው ጠየቀው። ማን እንደጠየቀ ሲያጣራ «ቡድኑ» ተባለ። ቡድኑ ስም የለውም። ሳምባሉን ማር ያደረገው ይኸው ቡድን ይመስለኛል።

አሁን ከባዱ ነገር። ይህን ሁሉ መኪና ውስጥ እየጮኽኩ ለአክስቴ ልጅ ነገርኳት። ዓይኗ እየተጨፈነ ሰማችኝ። (ገና ያልያዝኩትን ማዕረግ እየጠራች ነው የምትቀልድብኝ።) «ዶክተር» አለችኝ፣ «አንተ የእጅ ጣዕም ትወዳለህ። የእጁን ባለቤት ጠይቀሃታል?»

እሷ ጠይቃታለች። እኔ ከወጣቱ ጋር ስለ ሳምባል ስከራከር ሴትየዋን በር ላይ ይዛ አነጋግራት ነበር። ሴትየዋ ከዚህ በፊት ሁለት ዓመት አንድ የአበሻ ሬስቶራንት ውስጥ ሠርታለች። በቀን አሥራ ሦስት ሰዓት፣ በእጅ በሚሰጥ ገንዘብ፣ አንዳንዴ «ሳምንት እከፍልሻለሁ» እየተባለች። የሁሉም ደንበኛ «እጅሽን ይባርከው» ይቀበል ነበር። የምትታወቀው ግን ባለቤቱ ነች። እዚህ ሰንሰለቱ ቤት ሰዓቷ ይመዘገባል፣ እሑድ ቤተ ክርስቲያን ትሄዳለች፣ ማንም አይጮህባትም። ከረጢት መቅደድ ያሳፍራታል፤ ግን ወገቧ አያማትም። «እጅ ይደክማል፣ ከረጢት አይደክምም» አለች የአክስቴ ልጅ። እናቷ፣ ያቺ የኬክ ዱቄት እንጀራ ጋጋሪ፣ በኋላ ሃያ ዓመት የሰው ሬስቶራንት ውስጥ ጋግራ፣ ዛሬ ጣቶቿ አይታጠፉም።

ለዚህ ቶሎ የሚሰጥ መልስ አላገኘሁም፣ ያገኘሁ መስሎ መታየትም አልፈልግም። የእኛ ሬስቶራንቶች እጅን ሲያሞግሱ የኖሩት ላለመክፈል ነው የሚለው ክስ ብዙ እውነት አለበት። «እናት ቤት» እያልን ስም እናወጣለን፤ የእናትን ዋጋ እንከፍላለን፣ ማለትም ምንም። የሰንሰለት ሰባኪዎች ጉልበት የሚያገኙት ከዚህ ነውራችን ነው። ከዚህ ነውር ግን ሁለት መንገድ ይወጣል። አንደኛው ለእጁ መክፈል ነው፤ ሌላው እጁን ማሰናበት። ሰብሳቢያችን ያለ ምንም ማመንታት ሁለተኛውን መርጠው፣ ምርጫ መኖሩን እንኳ ሳይነግሩን፣ «ዘመናዊነት» ብለው አቀረቡልን። ከመጋዘን ደመወዝ ላይ 25 ሺህ ዶላር የሚጠይቁት ደግሞ የሴትየዋን ሙያ ከረጢት ውስጥ ለማስገባት ነው። ቀድሞ ነገር ከረጢቱ ውስጥ የሚገባውን ወጥ መጀመሪያ ማን ሊሠራው ነው? እንደ እሷ ያለች አንዲት ሴት ናት፤ አንድ ቀን ትጠራለች፣ ሚዛን ላይ እየመዘኑ ያጽፏታል፣ አመስግነው ይሸኟታል። ከዚያ ወዲያ ለአሥር ቤት፣ ለሃያ ዓመት፣ አትፈለግም። ገበታ ላይ የምትወጣው ቡና ብቻ ናት፤ ለፎቶ ረከቦት ይቀመጥላታል።

ስለዚህ ለቅዳሜው ስብሰባ ጥያቄዬን አስቀድሜ እዚህ አስቀምጣለሁ፣ ሰብሳቢው ይህን ገጽ እንደሚያነቡ አውቃለሁና። ጋሼ፣ በአሥራ አራቱ ገጽ ውስጥ የወጥ ሠሪዋ ድርሻ የት ላይ ነው? ብር ላላመጣ ግን እጅ ላመጣ ሰው አክሲዮን አለ ወይ? ወጡን ቀምሳ «ዛሬ ይህ አይወጣም» የማለት ሥልጣን ያላት ሰው በእያንዳንዱ ቤት ትኖራለች ወይ? አትኖርም ከሆነ ዳላስና ኮሎምበስ ያለው ወጥ አንድ ዓይነት እንደሚሆን ይገባኛል፤ የማክሰኞው ሩዝም በሁሉም ቦታ አንድ ዓይነት እንደሆነ አልጠራጠርም። እነዚህ ጥያቄዎች ወጪ ያበዛሉ ሊሉኝ እንደሚችሉም አውቃለሁ። ያበዛሉ። አሥር ቤት የተባለው ሦስት ሊሆን ይችላል።

የአክስቴ ልጅ ገንዘቧን ትሰጥ ወይ አትስጥ ገና አልወሰነችም። እኔም አታድርጊ አላልኳትም፤ ሰባት ዓመት ሌሊት የቆመችው እሷ ናት። ትናንት ሥራ ልትገባ ስትል መልእክት ላከችልኝ። የሴትየዋን ስልክ ቁጥር ተቀብላታለች፣ ቅዳሜ አብራን ትመጣለች፣ ከቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ እስኪወጡ የሚበላ ነገር ሠርታ ልምጣ ወይ ብላ ጠይቃታለች። ከሥር ደግሞ እንዲህ ይላል፦ «ደመወዝና አክሲዮን ስንት እንደሚመጣ በደንብ እናስላው። ቅዳሜ ስትመጣ ካልኩሌተር ይዘህ ና፤ ግጥም አይደለም የምፈልገው።»